አልለቅ ያለችው ሞተር

ማዕዛ የምትነድፋት ሞተር አትሽከረከርም፤ ድምፅም የላትም። ከፀጉር የቀጠኑ ሁለት የሲሊኮን ጣቶች ብቻ ናት። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ ሲለጠጡ ይጎብጡና ከአቧራ የማትለይ ጥርሳም ቀለበት ቆንጥጠው ያነሳሉ። ሙቀት እጅ ሆነ ማለት ነው! ማዕዛ ይህን ስታስብ ሥራውን በጀመረች በአራተኛ ዓመቷም ይገርማታል።

ችግሩ ማንሳቱ አልነበረም። ነገር እንዲያ ሲያንስ ክብደት ዋጋ ያጣል፤ የነካ ሁሉ ይጣበቃል። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ተሠርታ የመጣችው ሞተር ቀለበቷን አነሳች። ጣቶቿ ቀዝቅዘው ሲከፈቱ ግን ቀለበቷ አንዱ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ማዕዛ በማይክሮስኮፕ እያየች ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። ምንም።

ሞተሯን የሚሠራው የውጭ ፋብሪካ ንድፍ የሚቀበለው በዓመት አንዴ ነው። የዘንድሮው ዓርብ ማታ ያበቃል። አለቃዋ ዶክተር ፍሰሃ፣ "ዘንድሮም ካልለቀቀች በቃ፣ ሥራውን እንዘጋዋለን" ብሏታል።

ዓርብ ምሳ ላይ፣ አንድም አዲስ መስመር ሳትስል፣ ካዛንቺስ ካለው ቤተ ሙከራ በእግሯ ወርዳ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ካለው የአክስቷ ምግብ ቤት ገባች። የቀረበላት ሽሮ ሳትነካው ቀዘቀዘ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ በዓይንሽ ነው የምትበይው?" አሉ አክስቷ ወይዘሮ መብርሂት፣ እጃቸውን ታጥበው አጠገቧ እየተቀመጡ። "ያቺ የማትታየው ሞተርሽ ናት አይደል?"

"አልለቅም አለች፣ አክስቴ።"

"አንቺን መስላ! በይ አፍሽን ክፈቺ።"

አጎረሷት። የማዕዛ ዓይን ግን እጃቸው ላይ ቀረ። ሽሮው ጣቶቻቸው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን አላራገፉትም። አውራ ጣታቸው ከኋላ መጥቶ ወደ አፏ ገፋው።

"ይድገሙኝ እስቲ።"

"አሃ፣ አሁን ራበሽ!"

"ቀስ ብለው፣ አክስቴ። በጣም ቀስ ብለው።"

"የራበሽ ሆድሽ ነው ወይስ ዓይንሽ?"

ማዕዛ እያላመጠች ሶፍት ላይ በእስክርቢቶ ትስል ነበር፦ በሁለቱ ጣቶች መካከል፣ ለብቻው የሚሞቅ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ሦስተኛ ጣት። ንድፉ የተላከው ማታ፣ ጊዜው ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው።

ሞተሯ ከአምስት ወር በኋላ መጣች። ማዕዛ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ሁለቱ ጣቶች ተከፈቱ። ቀለበቷ እንደ አምናው ተለጥፋ ቀረች። ማዕዛ ሁለተኛውን ማብሪያ ተጫነች። ከዚያ ሦስተኛው ጣት ሞቀ፤ ቀስ ብሎ መጣ፤ ገፋ። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ዶክተር ፍሰሃ አጠገቧ ቆሞ ሳቀ። ማዕዛ ለካ እንደሚጎርስ ሰው አፏን ከፍታ ነበር።