ችግኝ አዳዩ ናዝሚ

ናዝሚ በሼፐርተን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ችግኝ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ማለዳ ከወንዙ የሚነሣው ጉም ግቢውን ሲሞላው ከበሩ ሆኜ የማየው ኮፍያውን ብቻ ነበር። ኮፍያው ከችግኞቹ በላይ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

አዲስ ዜጎች ቃለ መሐላ በፈጸሙ ቁጥር ለእያንዳንዳቸው አንድ ችግኝ ይሰጣል፤ ግራር ወይም ባሕር ዛፍ። ናዝሚ ችግኙን ያፈላል፣ እኔ በየችግኙ ማሰሮ ላይ ስማቸውን እጽፋለሁ።

«ፊሎሜና፣ ይኼ ለማን ነው?»

«ለአንዲት የአፍጋን እናት።»

«እንግዲያው ወፈር ያለውን ስጫት። ልጆቿ ይጎትቱታል።»

በምርጫ ቀን ደግሞ ድምፅ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለመራጮች ሽንኩርትና ቋሊማ እጠብሳለሁ። ናዝሚ አንድም ምርጫ ቀርቶ አያውቅም። «ለእኔ ዳቦና ሽንኩርት ብቻ፤ ቋሊማውን ለውሻሽ» ይለኛል። አንድ ዓመት ግን ዳቦውን እንደያዘ ሰልፉን አልፎ በብስክሌት ማቆሚያው በር ሹልክ ሲል አየሁት። አልመረጠም። የሰው ነገር መጠየቅ ስለማልችል ወደ መጥበሻዬ ዞርኩ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ የመስከረም ጠዋት፣ የአዲስ ዜጎችን ስም ስገለብጥ የእሱ ስም ላይ ደረስኩ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ናዝሚ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከትውልድ መንደሩ፣ ከፕሬስፓ ሐይቅ ዳር፣ ወደዚህ ኮክ ሊለቅም እንደመጣ ነገረኝ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አለቃው «መርጠሃል አይደል?» ሲለው፣ ዜጋ አይደለሁም ማለት አፍሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ያችን አንዲት ንቅነቃ ሠላሳ አምስት ዓመት ተሸክሜያት ኖርኩ። የስደተኞች ክበባችን ውስጥ ይቺን አገር ‹አገሬ፣ አገሬ› እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ እኮ! አሁን በምን ዓይኔ መድረክ ላይ እወጣለሁ?»

«ታዲያ ለምን አመለከትክ?»

«ሳልዋሽ መኩራት አማረኝ፣ እህቴ።»

ስሙን ከሁሉም አሳምሬ ጻፍኩት።

የበዓሉ አዳራሽ አሁን ሳስታውሰው እንደ ሕልም ነው። የሐር ልብሱ፣ ጥምጣሙ፣ የወረቀት ባንዲራ የሚጠባው ሕፃን፣ በዚህ ሁሉ ላይ የሚያንዣብበው የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ። ሁሉም ቆመው ሲምሉ ናዝሚ እንደ ወትሮው ሽርጡን ታጥቆ ከችግኝ ጋሪው አጠገብ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ለከንቲባዋ ማቀበል ጀመረ። ስሙ የተጻፈበትን የራሱንም ማሰሮ አቀብሎ ወደ ጋሪው ተመለሰ!

«ናዝሚ መህመቲ» ብላ ከንቲባዋ አነበበች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የክበብ ጓደኛው ራሚዝ ከኋላ ጮኸ፤ «ተሳስተሻል ከንቲባ፣ እሱ የችግኙ ሰውዬ ነው! ከእኔ በፊት ነው ዜጋ የሆነው!»

ሰው ሳቀ። ናዝሚ የጋሪውን እጀታ ጨብጦ የጎን በሩን አየ። ያንን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ የብስክሌት ማቆሚያውን በር ያየበት ነው።

በሰው ፊት አዳራሽ አቋርጬ አላውቅም። እንዴት እንደደረስኩ እንጃ፣ ራሴን ከኋላው ቆሜ የሽርጡን ቋጠሮ ስፈታ አገኘሁት። ርሶ ጠብቆ ነበር፤ ጣቴን አመመኝ።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ግራርህ ይጠብቅሃል። ሂድ።»

ሽርጡ እጄ ላይ ቀረ። እሱ ሄደ።

«አንተ! ያ ሁሉ የምርጫ ሽንኩርት ታዲያ?» አለ ራሚዝ።

«ሽንኩርት ዜግነት አይጠይቅም!»

ሳቁ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አዳራሹን ሞላው። ራሚዝ ራሱ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ናዝሚ ግራሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የከንቲባዋን እጅ መጨበጥ ረሳ።

በሚቀጥለው ምርጫ ከመምረጫው ክፍል እስኪወጣ ድረስ ሁለት መጥበሻ ሽንኩርት ጨርሼ ነበር።

«ምን አቆየህ?» አልኩት።

«እያንዳንዱን ስም አነበብኩት» አለ፤ ዳቦውንም ዘረጋልኝ። «ዛሬ ሽንኩርቱን አብዢው።»