የሽርዋ አምስት ግመሎች

ሙሚና ሽርዋ በሶማሌላንድ ቡርኦ ከተማ ገበያ ውስጥ ከኔ ሻይ ቤት አጠገብ የግመል ወተት ትሸጣለች። ውሃ ቀላቅላ አታውቅም፤ ቀላቀልሽ ያላትን ሰው ግን መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷና አራት ልጆቿ የሚኖሩት ከአባቷ ጋር በሚያረቧቸው አምስት ግመሎች ነበር።

አባቷ ሽርዋ የሞተ ቀን፣ ሬሳው ላይ ሶላት ከመሰገዱ በፊት፣ እንደ ወጉ "ከዚህ ሰው ዕዳ የሚጠይቅ አለ?" ተባለ። ወንድም የላትም። ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ፣ በአጎቷ በዋይስ በኩል "ያለበት ሁሉ በኔ ላይ ነው" አስባለች። ማንም አልተናገረም። እኛም ንጹሕ ሰው ሄደ ብለን ተመለስን።

በሳምንቱ አው ቡራሌ የሚባሉ አዛውንት ከገጠር መጡ። የሞቱን ወሬ የሰሙት ዘግይተው ነው። ሽማግሌዎች ሻይ ቤቴ አጠገብ ባለው ግራር ሥር ተሰበሰቡ፤ ሙሚናና ዋይስም ተጠሩ። ሻዩን ያመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"በድርቁ ዓመት" አሉ አው ቡራሌ፣ "ሽርዋ ከብቱ አልቆበት ልጆቹን ይዞ መጣ። አንዲት የምትታለብ ግመል አዋስኩት። መቼም ወጋችንን ታውቃላችሁ፤ የተዋሰ ወተቱን ይጠጣል እንጂ ግልገሉ የባለቤቱ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እኔም ተሰደድኩ። ስመለስ 'ሞተችብኝ' አለኝ።"

"ምስክር አለዎት?" አለ ዋይስ።

"ሁለት ነበሩ። ሁለቱም አፈር ገብተዋል።"

"እንግዲያው ልጅቷ አላውቅም ብላ ትማላለች፣ ነገሩም እዚሁ ያልቃል።" ዋይስ ወደ ሙሚና ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ? ምለሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም በልቤ በማለች ብያለሁ። ግመሎቹ ከሄዱ እነዚያ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? አው ቡራሌን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ቁርኣኑ መጣ። ሙሚና እጇን አልዘረጋችም።

"አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር" አለች። "ግመሏን ከአው ቡራሌ ግቢ እየጎተትኩ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አልሞተችም። አባቴ ግልገሎቿን በኛ ምልክት ሲተኩስ እሳቱን ያነደድኩትም እኔ ነኝ። አምስቱም የሷ ዘር ናቸው።"

ዋይስ ራሱን ያዘ። "አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ገመና አደባባይ ታወጫለሽ?"

"አጎቴ፣ ስሙ እዚህ ቀሪ ነው። ነፍሱ ግን ዕዳው ካልተከፈለ እንደተንጠለጠለች ነው። በቀብሩ ላይ በኔ ላይ ነው ያልኩት ለወግ ያህል መሰለህ?" ወደ አዛውንቱ ዞረች። "ሁሉንም ይውሰዷቸው አባባ። ለአባቴ ግን የይቅርታ ቃል ይስጡልኝ።"

አው ቡራሌ ለክርክር ተዘጋጅተው የመጡ ይመስለኛል፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጁም።

"ሽርዋን ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ። "ሁላችሁም ስሙኝ። ከሱ የምፈልገው የለም።"

ሙሚና በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰችም ነበር፤ ያኔ አለቀሰች። እኔም ብርጭቆ መሰብሰቤን ትቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አው ቡራሌ፣ ሙሚና የመለሰችላቸውን ግመሎች ሊነዱ ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። አራቱን ለዩና የምትታለበውን ተዉላት።

"የይቺን ወተት ልጆችሽ ይጠጡ" አሉ።

"በስጦታ ነው በውሰት?"

"በውሰት። እንደ ያኔው።"

ሙሚና የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሁባንን ጠራችና ገመዱን አስያዘቻት።

"ስሚ" አለቻት። "ይቺ ግመል የአው ቡራሌ ናት። የምትወልደውም የሳቸው ነው። አንድ ቀን እኔ ራሴ ሌላ ነገር ሳወራ ብትሰሚ እንኳ፣ አንቺ ይህንን ተናገሪ።"