ሰሌዳ ያጠቆርንበት ባትሪ

ደርግ በወደቀ ሰሞን ሞላሌ ስማር፣ ጥቁር ሰሌዳው ሲገረጣ የምናድሰው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ያለቀውን ከየቤታችን አምጥተን ቆርቆሮውን እንፈለቅቃለን፤ የውስጡን ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጋር ወቅጠን እንቀባለን። አንዳንዱ ቆርቆሮው ተበልቶ ያዣል። ዝልግልጉ ጣቴ ላይ ይጣበቃል፤ ብታጠብም ሽታው አይለቅም።

የኬሚስትሪ መምህራችን በዚያው ሰሌዳ ላይ «ዚንክ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ኦክሳይድ ይሆናል» ብለው ይጽፋሉ፤ እኛ እንደ ዳዊት እንደግማለን። አንድ ቀን ሰሌዳውን ቀብተን እንደጨረስን፣ ዚንክ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋቸው።

«ላቦራቶሪ በሌለበት ከየት አምጥቼ ላሳይህ?» አሉና፣ መሬት የወደቀውን የባትሪ ቆርቆሮ በጫማቸው ገፋ አድርገው «ይልቅ ይህን ቆሻሻ ጥረግ!» ብለው ጮኹብኝ።

ያ ቆሻሻ እኮ ራሱ ዚንኩ ነበር። ጠርጌ ጣልኩት።