የሾፌሩ ፍላሽ

አርብ ጠዋት የቢሯችን ኮምፒውተር አልነሳም አለ። ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ይነሳል፣ መልሶ ሰማያዊ። ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ባለችው አንዲት ክፍል ቢሮ የጭነት ሰነድ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ አለቃዬ አዲስ አበባ ስለነበር የሚረዳኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አይሰጠኝም። ያን ቀን ግን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አንድ ሾፌር ተቀምጦ ሰነዱን ይጠብቃል።

ጋሼ ነው የምለው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ከአዳማ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። እሁድ ሽማግሌዎች የመጀመሪያ ልጁን ሊጠይቁ ቤቱ ይመጣሉ፣ ቀኑንም የቆረጠው እሱ ራሱ ነው። ከሰዓት በጊዜ ወጥቶ ጋላፊ ድንበሩ ሳይዘጋ ካለፈ እሁድ ጠዋት ይደርሳል። ሰነዱ ደግሞ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሐሙስ ላትመው ስል መብራት ድንገት ጠፋ፤ ነገ ይደርሳል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። በራሴ ላፕቶፕ አንድ ፍላሽ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጽፋለሁ፣ የቢሮውን ኮምፒውተር ከፍላሹ አስነሳለሁ፣ ሰነዱን አወጣለሁ። ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የጎደለኝ ፍላሽ ነበር፤ የእኔን ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ተውሶ ውሃ በልቶት ቀርቷል።

“ይኸው የእኔን ውሰድ” አለና ጋሼ ከቁልፉ ማንጠልጠያ ፈታልኝ። “የመንገድ ዘፈኖቼ ናቸው።”

“ይጠፋሉ እኮ ጋሼ። ሁሉንም ነው የሚያጸዳው።”

“ይጥፉ። እሁድ እንደሆነ በሌላ ዘፈን ነው የምጨፍረው።”

ፍላሹን እጄ ላይ እንዳደረግኩት አወቅኩት። ቅልል ያለ፣ ጽሑፉ የተፋቀ፣ ስልሳ አራት ጊጋ ነኝ የሚል፣ መንገድ ዳር የሚሸጥ አስመሳይ ዕቃ። እንዲህ ያለው የሰጡትን ሁሉ ተቀብያለሁ ይላል፣ ግማሹን ግን አያስቀምጥም። ከቢሯችን ጀርባ ያለው የሞባይል ሱቅ አርብ ዝግ ቢሆንም ባለቤቱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ባንኳኳ ደህና ፍላሽ አላጣም ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ዘፈኖቹን ሰጥቶኛል። ዕቃህ የማይረባ ነው ብዬ ላሳፍረው? ይሉኝታ ያዘኝ። አመስግኜ ሰካሁት።

ፕሮግራሙ ጽፎ ጨረሰና ተጠናቋል አለኝ። የቢሮውን ኮምፒውተር አብርቼ ከምን ልነሳ ብሎ የሚጠይቀውን ዝርዝር አወጣሁ። የፍላሹ ስም አለ፣ መረጥኩት፣ ጥቁር ስክሪን። ፍላሹን ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰካሁት። ጥቁር። ሴቲንግ ገብቼ ባዕድ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ አጠፋሁ። ጥቁር። በሌላ ፕሮግራም እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አሳየኝና ደርቆ ቀረ። በእነዚያ መስመሮች ራሴን አታለልኩ፤ ትንሽ ብገፋው ይሠራል እያልኩ ደጋገምኩት። ኮምፒውተሩን ሰደብኩ፣ ሙቀቱን ሰደብኩ፣ ኪቦርዱን በጥፊ አልኩት። ፍላሹን ብቻ አልሰደብኩም፤ ባለቤቱ አጠገቤ ነዋ።

ጋሼ በየመሃሉ “አይዞህ ልጄ” ይለኛል። ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶልኝ መጣ። የጁምዓ ሶላት አለቀ፣ የዕለቱ ጫትም ከተማ ገባና ሰው ሁሉ ሊቅም ቤቱ ገብቶ ሰፈሩ ጭር አለ። ሰዓት ሲያይ እንዳላስተውለው ስልኩን ከጠረጴዛው በታች ዝቅ ያደርጋል። እኔም እንዳላየ ሆኜ አንገቴን እደፋለሁ። የማውቀውን ደብቄ የአንድ አባት ቀን እየበላሁ መሆኔ ግን አልጠፋኝም።

በመጨረሻ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬው በጓሮ ዞርኩና የሞባይል ሱቁን አንኳኳሁ። ከዚያ ባመጣሁት ፍላሽ ኮምፒውተሩ በአንድ ሙከራ ተነሳ። ሰነዱ ምንም አልሆነም ነበር። ፍላሽ መቀየሬን ለጋሼ አልነገርኩትም፤ እሱም “ተባረክ” ብሎኝ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። ጋላፊ ሲደርስ ግን ድንበሩ ተዘግቶ ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞው በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዞ ቢሮ መጣ። ሽማግሌዎቹን የተቀበለው ታናሽ ወንድሙ እንደሆነ፣ እሱ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ኔትወርክ እየተቆራረጠበት በስልክ እንደመረቀ እየሳቀ ነገረኝ። “ልጅቷ ትንሽ አለቀሰች” አለና ሳቁን አቆመ።

“አንድ ነገር ይቅር በለኝ ልጄ። ያ ፍላሽ ድሮም ዘፈኑን መሃል ላይ ይቆርጥ ነበር። እንደማይረባ አውቃለሁ። አምነኸኝ እንደዚያ ስትደክም አይቼ ልነግርህ አፈርኩ። ያለጥፋትህ ቀኑን ሙሉ አቃጠልኩህ።”

እኔም አውቅ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል።

“ምንም አይደለም ጋሼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ” አልኩት።

እፎይ አለና ዳቦውን ቆረሰልኝ።