ቀድሞ የገባው ድምፅ

የታሰርንበት ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። ስም አልጠራም፤ እዚያ በምንጠራራበት ልጥራቸው። በሩ ሥር የሚኒባስ ሹፌሩ። ከሱ ቀጥሎ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ልጅ፣ “ፋርማሲስቱ” የምንለው። ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ ጋሼ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሹፌሩ ገና በገባሁ ዕለት “ሐያሲው” ብሎ ሰየመኝ።

ቤቱ ጉለሌ ዳገት ላይ ያለ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ የባቄላ ክክ እየለቀምን እንጫወትበት ነበር።

እኔን ያስያዘኝ ጽሑፍ ነው። አንድ ወጣት ስለፈረሰ ሰፈሩ የዘፈነውን ዘፈን፣ ቤታችሁ ይፈርሳል የተባሉ ሰዎች መንገድ ላይ ወጥተው ዘፈኑት። አፈሳ ተደረገ። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ የቴሌግራም ገጼ ላይ ዘፈኑን ተንትኜ ነበር። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት በጆሮ ማዳመጫ እየመላለስኩ በመስማት ነው። መጀመሪያው በትዝታ ቅኝት መሠራቱን፣ ሳክስፎኑ የአባቶቻችንን ዘመን የካሴት ባንዶች እንደሚያስታውስ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ መሣሪያው ሁሉ ጠፍቶ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብ የሚሰማው ደግሞ፣ ከደቡብ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩ ሸማኔዎች አዘፋፈን ነው አልኩ። ከድምፆቹ አንዱ ሌሎቹ ሳይጨርሱ ቀድሞ ይገባል። ለዚያ ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቼዋለሁ፦ ትዝታ ተራ አይጠብቅም፣ ምናምን።

አንድ ከሰዓት ሹፌሩ ዘፈኑን በፉጨት ጀመረው።

“ለሴት ነው ይሄ” አለ። “ለቆርቆሮ አጥር ማን ያለቅሳል?”

“‘የግድግዳሽ ሳል እንኳን ይናፍቀኛል’ ይላል እኮ” አለ ፋርማሲስቱ። “ሴት ግድግዳ አላት?”

“ካሳላት ያንተ ደንበኛ ናት፤ ሽሮፕ ስጣት!”

ዝም ማለት አልቻልኩም። የጎረቤት ሳል መሆኑን አስረዳሁ። ዘፋኙ የናፈቀው ቤቱን ሳይሆን በስሱ ግድግዳ በኩል ይሰማቸው የነበሩትን ሰዎች ነው፤ መጨረሻው በሰው ድምፅ ብቻ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

“ሐያሲው ጀመረው” አለ ሹፌሩ፤ ቢሆንም መጨረሻውን አብረን ሞከርነው። ሦስታችንም ያንኑ አንድ ዜማ እንጮሃለን። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ታገሡ፣ ታገሡና አልቻሉም።

“ምነው ሁላችሁም አንዱ ላይ ተጫናችሁ? አንተ ታች ሁን። አንተ ይህን ያዝ፣ እንዳትለቀው።”

ከዚያ እሳቸው ገቡ፤ እኛ ሳንጨርስ። ያን አገባብ ትንፋሹ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

“ጋሼ፣ ለምን ቀደሙ?” አልኩ።

“ተሳስቼ ነዋ! ስንቀረጽ ደነገጥኩና ቀደምኩ። ይደገም ስለው ልጁ ‘ይቅር፣ ደስ ይላል’ ብሎ…” አሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

መርማሪዎቹ ከዘፋኙ ጋር የተቀረጹትን ሰዎች “አስተባባሪዎች” እያሉ ይፈልጓቸው ነበር። ጋሼ የተያዙት ግን ድር ገዝተው ሲመለሱ በአፈሳው ነው። ካልታወቀባቸው ከሌሎቹ ጋር ይለቀቃሉ፤ ከታወቀባቸው እዚያው ይቀራሉ።

ሹፌሩ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ። “እኔ ተኝቻለሁ” አለ ከውስጥ። “የምዘፍነውም ተኝቼ ነው።”

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ።

“ጎበዝ ነህ” አለኝ መርማሪው። “ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ። ይሄ ቀድሞ የሚገባው ማነው?”

“አላውቅም።”

“የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው ብለሃል።”

“ተሳስቻለሁ። የዘፋኙ የራሱ ድምፅ ነው፤ በኮምፒውተር የተደራረበ።”

“ታዲያ ያ ሁሉ ትንታኔ?”

“ሙዚቃ አልተማርኩም” አልኩ።

ሳቀ። ስልኬን አስመጥቶ እርማቱን እዚያው ገጼ ላይ አስጻፈኝ። አራት ነጥቡን ሳልረሳ ጻፍኩት።

ስመለስ ጋሼ ቆመው ነበር። “ምን አልክ?”

“የልጁ የራሱ ድምፅ ነው አልኩ።”

“የልጁ?” አሉ፣ ቅር ያላቸው መስለው። “እሱ እኮ እዚያ ላይ አይደርስም።” ከዚያ እጄን ያዙ፤ ምሳ እስኪመጣ አልለቀቁትም።

ከአፈሳው ሰዎች ጋር ተለቀቁ፤ እኔ ቆየሁ። እርማቱ ገጼ ላይ እንዳለ ዓመታት አለፉ። ሰው እየገባ “መጀመሪያም አታውቅም ነበር” ይለኛል፤ አልመልስም። እሱስ ይሁን። የሚቆጨኝ ሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ሳልወርድ መቅረቴ ነው። ሌሎቹ ድምፆች የማን እንደነበሩ፣ ያን አዘፋፈን ከማን እንደተማሩት ጋሼን ልጠይቃቸው እችል ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቅሶ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቱ ዘፈኑ ላይ እንዳሉ አያውቅም። ልነግረው አስቤ ሰው ሲበዛ ተውኩት።

ይህን ከመጻፌ በፊት እርማቱን ከገጼ አነሳሁ። ዘግይቻለሁ።

ሹፌሩ፣ ፋርማሲስቱ፣ ይህን ካነበባችሁ፦ ያን ቀን ታችኛውን ድምፅ የያዘው ማናችሁ ነበር? ጋሼ እኛን ሲከፋፍሉ ሌላ ያሉት ነገር ነበር? የጎደለውን ሙሉልኝ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። ለልጃቸው ልወስድለት ነው፤ ያልሆነ ነገር ይዤለት መሄድ አልፈልግም።