ድመቴና ፍልፈሉ

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሰላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጓሮ ያለውን ድንቼን እጠብቃለሁ። ፍልፈል ከሥር እየበላ አፈሩን ይቆልላል። ድመቴ ቁልሉ አጠገብ ተጋድማ ቀኑን ሙሉ ታፈጥበታለች እንጂ ይዛው አታውቅም።

አጥር የምንጋራቸው እማማ «ለዚህ ፍልፈል መርዝ ላስቀምጥ ነው፣ ድመትሽን እሰሪ» አሉኝ። አሰርኳት። ጠዋት ስነሳ የተበጠሰ ገመድ ብቻ አገኘሁ። ድመቷንም፣ እማማንም፣ ድንቹንም እየረገምኩ በዝናብ እሳቸው በር ደረስኩ።

እማማ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ድመቴ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታለች።

«ገመድ እየጎተተች ስትመጣብኝ መርዙን ሽንት ቤት ጨመርኩት» አሉ።

ነፍሴ መለስ አለች። ቤቴ ስገባ ድንቹ መሃል አዲስ የአፈር ቁልል ተነሥቷል። እሱም ተርፏል። ይብላ አልኩ።