በአባባ አንጁሎ መዝገብ ላይ የጻፍኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ አብራኝ ለምትጸልየው ጎረቤቴም አልነገርኩም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ የምታነቡት ናችሁ።

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጠለያ ነርስ ነበርኩ። ሐኪም አልነበረንም። ማን ሆስፒታል ይሂድ፣ ማን ይቆይ የምለው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ሆዳቸውን ያመማቸውን አንዲት እናት ሆስፒታል ወስጄ፣ የዚያ ሐኪም በሰው ፊት፣ «አሮጊት ሆዷ በተነፋ ቁጥር ታመጪልናለሽ?» ብሎ አሳፈረኝ። ሁለተኛ አልዋረድም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በሳምንቱ አባባ አንጁሎ ታመሙ። ከጨንቻ የመጡ ሸማኔ ናቸው፤ የቆየ ቡአ፣ አንጀት ወደ ብሽሽት የሚወርድበት እብጠት፣ ነበረባቸው። ያን ዕለት ጠዋት እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ አለ፤ ያስታውካቸው ጀመር። በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንጀቱ እንደታነቀና በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እንደሚገድል ተምሬዋለሁና አላወቅሁም ልል አልችልም። መኪናውም ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ሲያማቸው አማርኛቸው ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። «ልጄ፣ ላከኝ» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ላከኝ። ገና ነኝ እኔ።»

«እስከ ነገ እንየው፣ አባባ» አልኳቸው።

ለምን? ለእሳቸው አዝኜ? አይደለም። ያ ሐኪም ደግሞ እንዳይስቅብኝ ነው። እኔ ለኩራቴ ስል ሰው ሲሞት ተቀምጬ ዋልኩ። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየኋቸው፤ ሦስቴም ትራሳቸውን አስተካክዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ላክኋቸው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይገቡ ዐረፉ።

እኔም መዝገቡን ከፈትኩና በዋዜማው ቀን ሥር፣ «ሆስፒታል እንዲሄዱ ቢነገራቸው እምቢ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ልጃቸው ማርታ ከጨንቻ ወርዳ መጣች። ያንኑ ነገርኳት። «እኔን ሳያየኝ መሞት መረጠ ማለት ነው?» አለች።

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። እኔ ግን፣ «ግትር ነበሩ» አልኳት።

ከዓመታት በኋላ ገበያ አገኘኋትና ስለ አባቷ አነሳን። መቃብራቸው ሄዳ አታውቅም። «አኩርፌዋለሁ» አለችኝ። ያኔም እውነቱን አልነገርኳትም። ሰውየውን ገድዬ አልበቃኝም፤ ልጃቸውንም ቀማኋቸው።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ነገ ወደ ጨንቻ እወጣለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ይህን ግን ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ፦ አባትሽ እምቢ አላሉም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።